የኮሌጅ ፉትቦል ኮች ሲባረር ምን ይሆናል? "ከልቸር" የሚሉትስ ምንድነው? (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ቅዳሜ ቡና ተፈልቶ ሰው ሲሰበሰብ ቲቪው ላይ ኮሌጅ ፉትቦል (የአሜሪካኑ፣ ኳሱን በእጅ ይዘው የሚሮጡት) ካለ ሪሞቱን ለማንም አልሰጥም፣ በዚህ የተነሳ ጥያቄ ይዘንብብኛል። ህጉን አይደለም የሚጠይቁኝ፣ ህጉንማ ተስፋ ቆርጠውበታል። የሚገርማቸው ሌላ ነው፦ ይሄ ሁሉ ሚሊዮን ተከፍሎ ሰው የሚባረረው ለምንድነው፣ አዲስ የመጣው ኮች ሁሉ "ከልቸር ከልቸር" የሚለውስ ምን ማለቱ ነው? እስቲ አንዴ ጽፌ ልገላገል። ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ቆይ፣ የተማሪ ጨዋታ አይደል እንዴ? ኮቹ ለምን እንደ ንጉሥ ይታያል?

የተማሪ ስለሆነ ነዋ። ማንቼስተር ላይ አንድ ተጫዋች አስር ዓመት ሊቆይ ይችላል፣ ደጋፊውም ስሙን ማሊያው ላይ አጽፎ ይኖራል። ኮሌጅ ላይ ግን ጎበዙ ልጅ ሦስት ዓመት ተጫውቶ ኤንኤፍኤል (የፕሮፌሽናሉ ሊግ) ይገባል፣ የቀረውም አራት አምስት ዓመት ቆይቶ ይመረቃል። የማይመረቀው ኮቹ ብቻ ነው። ስለዚህ ቡድኑ ማለት እሱ ነው፦ ልጆቹን እቤታቸው ድረስ ሄዶ እናታቸውን አናግሮ የሚያመጣው እሱ፣ ረዳቶቹን የሚቀጥረው እሱ፣ ስንት ሰዓት ቁርስ እንደሚበላ የሚወስነውም እሱ ነው። በብዙ ስቴቶች ከመንግስት ሰራተኛ ሁሉ ትልቁን ደሞዝ የሚበላው ገዢው ሳይሆን የዩኒቨርሲቲው ፉትቦል ኮች ነው፣ ቀልድ አይደለም።

ለምን ሲዝኑ እስኪያልቅ አይጠብቁም? ኦክቶበር ላይ ማባረር ምን የሚሉት ነው?

ካላንደሩ ነው ጉዱ። የሃይስኩል ልጆች የሚፈርሙት ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ነው፣ ጃንዋሪ 2 ደግሞ ትራንስፈር ፖርታሉ (ትምህርት ቤት መቀየር የሚፈልጉ ልጆች የሚመዘገቡበት) ይከፈታል። ዲሴምበር መጨረሻ ላይ ኮች የሚያባርር ትምህርት ቤት ገበያ ከተበተነ በኋላ ዘንቢል ይዞ እንደሚወጣ ሰው ነው።

2025 ላይ ፔን ስቴትን ያየ ይፈርዳል። ኮቹ ጄምስ ፍራንክሊን ጃንዋሪ ላይ ቡድኑን ግማሽ ፍጻሜ አድርሶ ነበር፣ አዲሱ ሲዝን ሲጀመርም በአገሪቱ 2ኛ ደረጃ ተሰጥቶት ነበር። ከዛ በኦሬገን ተሸነፈ፣ በሳምንቱ በዛ ሲዝን አንድም ጨዋታ ባላሸነፈው ዩሲኤልኤ ተሸነፈ፣ በሳምንቱ ደግሞ እሜዳው ላይ ኖርዝዌስተርን 22 ለ 21 አሸነፈው፣ በነጋታው ኦክቶበር 12 ተባረረ። ሦስት ቅዳሜ ናት በቃ። አስራ ሁለተኛ ዓመቱ ላይ ነበር።

ግን በአባራሪ ስታይል ዩኤስሲን (የሎስ አንጀለሱን ዩኒቨርሲቲ) የሚያክል የለም። 2013 ሴፕቴምበር ላይ ኮቹ ሌን ኪፈን በአሪዞና ስቴት 62 ለ 41 ተሸንፎ በሌሊት ሎስ አንጀለስ ኤርፖርት ሲያርፍ ከቡድኑ አውቶብስ ለይተው መባረሩን እዛው ነገሩት። ልጆቹ ወደ ካምፓስ ሄዱ፣ እሱ እዛው ቀረ። ይሄን ሰውዬ ያዙት፣ በኋላ እንመለስበታለን።

ባይአውት ምንድነው? ለተባረረ ሰው ለምን ይከፈላል?

ኮንትራቱ ሳያልቅ ለተባረረ ኮች የሚከፈል ካሳ ነው፣ የሚከፈለውም ኮንትራቱ ገና ስለሆነ ነው። አንድ ጥሩ ሲዝን ካሳየ ኤጀንቱ ይመጣና "ሌላ ትምህርት ቤት እየፈለገው ነው" ይላል፣ አትሌቲክ ዳይሬክተሩ (የትምህርት ቤቱ የስፖርት አለቃ) ይደነግጣል፣ አምስት ዓመት ይጨመራል፣ ጋራንቲም ይደረጋል። ከሁለት ዓመት በኋላ ውጤት ሲጠፋ ያ ወረቀት ይመዘዛል።

የዚህ ነገር ሻምፒዮን ጂምቦ ፊሸር ነው። ቴክሳስ ኤኤንድኤም በ2021 ኮንትራቱን እስከ 2031 አራዘመለት። ኖቬምበር 11፣ 2023 ሚሲሲፒ ስቴትን 51 ለ 10 ቀጠቀጠ፣ አዎ አሸነፈ፣ በነጋታው አባረሩት። ሂሳቡ ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው፣ አንዱ ክፍል ወዲያው የተከፈለ የቀረው በየዓመቱ እስከ 2031 የሚከፈል። አያቶቻችን "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" ይሉ ነበር፣ እዚህ አገር ግን ዋናው ማዕድ የሚቀርበው ከተሻረ በኋላ ነው።

ሁሉም ግን እንደሱ አይታደልም። አንዳንዱ ኮንትራት ላይ "ሌላ ስራ ካገኘህ ደሞዝህ ከኛ እዳ ላይ ይቀነሳል" የሚል አለ። ፍራንክሊን ሲባረር 49 ሚሊዮን ገደማ ይጠብቀው ነበር፣ ወር ብዙም ሳያልፍ ቨርጂኒያ ቴክ ሲቀጥረው ከፔን ስቴት ጋር በ9 ሚሊዮን ተስማምተው ተለያዩ። ጥፋት ሰርቶ በጥፋቱ የተባረረ ደግሞ ምንም ላያገኝ ይችላል፣ ለዛ ነው አንዳንዱ መለያየት ፍርድ ቤት ሚደርሰው።

ብሩ ከተማሪ ክፍያ ነው ወይ ለሚለው፣ ትምህርት ቤቶቹ ከቲቪና ከቲኬት ገቢ፣ ከሀብታም ለጋሾች ነው ይላሉ። እኔ እንጃ፣ ብር አንዴ አንድ ኪስ ውስጥ ከገባ የትኛው ኖት ከየት እንደመጣ ማን ይለየዋል።

ኮቹ ሲሄድ ተጫዋቾቹ ምን ይሆናሉ?

ድሮ ምንም፣ ይቀመጣሉ። ትምህርት ቤት የቀየረ ልጅ አንድ ዓመት ሳይጫወት ይቀጣ ስለነበር ማንም አይነቃነቅም። ፖርታሉ 2018 ኦክቶበር ላይ ተጀመረ፣ በ2021 አንዴ ያለቅጣት መቀየር ተፈቀደ፣ በ2024 ደግሞ ትምህርቱ ላይ ደህና ከሆነ የፈለገውን ያህል መቀየር ይችላል ተባለ። ከ2021 ጁላይ ጀምሮ ደግሞ ልጆቹ በስማቸውና በፎቷቸው ብር መስራት ስለቻሉ መሄድ ትርፍ አለው።

ኒክ ሴበን ጃንዋሪ 10፣ 2024 አላባማ ላይ ጡረታ ሲወጣ ያየነው ይሄንኑ ነው። አላባማ ብቻ ስድስት ዋንጫ፣ በፊት ከኤልኤስዩ ጋር አንድ፣ ባጭሩ የኮሌጅ ፉትቦል ፈርጉሰን በሉት። በሁለት ቀን ውስጥ ኬለን ዲቦርን ከዋሽንግተን አመጡ፣ ግን የዛኔ ህጉ ኮች ሲቀየር ለልጆቹ 30 ቀን በር ይከፍትላቸው ነበርና ኬለብ ዳውንስ የሚባለው ምርጥ ተከላካይ ወደ ኦሃዮ ስቴት ሄደ፣ እዛም በዓመቱ ዋንጫ በላ። አሁን ያ መስኮት አጥሯል፣ አዲስ ኮች ተቀጥሮ ከአምስት ቀን በኋላ ለ15 ቀን ነው የሚከፈተው። ሃሳቡ ልጆቹ አዲሱን ሰውዬ መጀመሪያ አይተው ይወስኑ ነው፣ ክፉ አይደለም።

ማንም የማያወራላቸው ግን ረዳት ኮቾቹ ናቸው። ዋናው ሲባረር እነሱም አብረው ነው፣ ቤት ገዝተው ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት አስገብተው የነበሩ ሰዎች ከገና በዓል በፊት ካርቶን ፍለጋ ይገባሉ። የነሱ ባይአውት ዜና አይሆንም።

እሺ "ከልቸር" ምንድነው? ሁሉም ይላታል

ልክ ናችሁ፣ የቡድኑ ባህል፣ ፀባይ ለማለት ነው፣ አዲስ ኮች ሁሉ የመጀመሪያ ቀን ማይክ ፊት ቆሞ ይላታል፣ ግድግዳ ላይም ትጻፋለች። ፒጄ ፍሌክ ለምሳሌ መፈክሩ "ጀልባውን ቅዘፉ" ነው፣ ጨቅላ ልጁ ከሞተበት በኋላ የያዘው ቃል ነው። ዌስተርን ሚሺጋን ላይ በ2013 1 አሸንፎ 11 ተሸነፈ፣ በ2016 13 አሸንፎ አንድ ብቻ ተሸነፈ። ወደ ሚኒሶታ ሲዛወር መፈክሩ የንግድ ምልክት ሆኖ የድሮ ትምህርት ቤቱ ስም ላይ ተመዝግቦ ስለነበር ይዞት ለመሄድ ለስኮላርሺፕ በየዓመቱ 10 ሺህ፣ ለአምስት ዓመት ሊከፍል ተስማማ። የራስን መፈክር በዱቤ መግዛት ማለት ይሄ ነው!

በኔ እይታ ግን ከልቸር ግድግዳው ላይ የለም። ያለው ጂም ውስጥ ነው፣ ያውም ሄድ ኮቹ በሌለበት። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከሲዝን ውጪ ባሉት ወራት ኮቾች ከልጆቹ ጋር የሚያሳልፉት ሰዓት በህግ የተገደበ ነው፣ ያኔ ልጆቹን ጠዋት ጠዋት የሚያገኛቸው የስትሬንግዝ ኮቹ ነው፣ ብረት የሚያስነሳው ሰውዬ። ማን እንደዘገየ፣ ማን አስር አንሳ ተብሎ ስምንት ላይ እንደጣለ፣ ነባሩ ልጅ አዲሱን ሲያንጓጥጠው ማን ዝም እንዳለ የሚያውቀው እሱ ነው። ለዛ ነው አዲስ ኮች ሲመጣ እኔ መጀመሪያ የማየው ኮርዲኔተሩን (ማጥቃቱን ወይም መከላከሉን የሚመራውን ረዳት) ሳይሆን የስትሬንግዝ ኮች ማንን አመጣ የሚለውን ነው።

ሚሺጋን ላይ የቆየ ወሬ አለ። ቦ ሼምቤክለር በ1969 መጥቶ ልጆቹን ሲያደቃቸው ብዙዎች ጥለው ሄዱ፣ እሱም "የቆዩ ሻምፒዮን ይሆናሉ" የሚል ጽሁፍ ሰቀለ። አንዱ ሲወጣ ከስሩ "የሄዱ ደግሞ ዶክተርና ጠበቃ ይሆናሉ" አይነት ነገር ሞነጨረበት ይባላል። በዛው ዓመት ኖቬምበር ላይ የማይበገረውን ኦሃዮ ስቴትን 24 ለ 12 አሸነፉ፣ ስለዚህ ሁለቱም ጽሁፍ ልክ ነው።

በአንድ ዓመት ከልቸር ይቀየራል? ኢንዲያና እንዴት አደረገችው?

ይሄን ጥያቄ በሁለት ዓመት ውስጥ ሃምሳ ጊዜ ተጠይቄያለሁ። ኢንዲያና የባስኬትቦል አገር ነው፣ ፉትቦል እዛ የብርድ ማሳለፊያ ነበር። በትልቁ ዲቪዥን ታሪክ ከሁሉ በላይ የተሸነፈ ትምህርት ቤት እየተባለ የኖረ ነው። 2023 ላይ 3 አሸንፎ 9 ተሸነፈ፣ ኮቹን በ15 ሚሊዮን ገደማ ሸኙትና ከጄምስ ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ ከርት ሲግኔቲን አመጡ። ሰውዬው 62 ዓመቱ ነበር። ከዛ በፊት በ2011 አላባማ ላይ የሴበን ረዳት መሆኑን ትቶ አባቱ ያሰለጥኑበት ወደነበረ ትንሽ የፔንሲልቬንያ ኮሌጅ ወርዶ ከታች የጀመረ ሰው ነው። ጋዜጠኛ "ልጆቹን እንዴት ታሳምናለህ?" ሲለው "አሸንፋለሁ፣ ጉግል አድርጉኝ" አለ። ሰው ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ፣ አልደብቅም።

ምን አደረገ? ከልቸሩን አልገነባም፣ ጭኖ ነው ያመጣው። ከጄምስ ማዲሰን 13 ተጫዋች ይዞ መጣ፣ ሁለቱን ኮርዲኔተሮቹንም፣ የስትሬንግዝ ኮቹንም (እንዳልኳችሁ!)። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ልምምድ ላይ ሜዳው ውስጥ እንዴት እንደሚሮጥ፣ እንዴት እንደሚቆም፣ ሰውዬው ምን ሲያይ እንደሚናደድ የሚያውቁ 13 ልጆች ነበሩ፣ ነባሮቹ ከኮቹ ሳይሆን ከጎናቸው ካለው ልጅ ተማሩ። ሲመርጥም ይሄ ልጅ ወደፊት ምን ሊሆን ይችላል አይደለም የሚለው፣ እስከዛሬ ምን ሰርቷል ነው፣ ትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች በሃይስኩል ዘመናቸው ያላዩዋቸው፣ ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ዓመት የሞላቸው ልጆች ሰበሰበ።

2024 ላይ 11 አሸንፈው 2 ተሸነፉ፣ ፕለይኦፍ (የዋንጫው ጥሎ ማለፍ) ገቡ። ሰው "ፕሮግራሙ ቀላል ነበር" አለ። 2025 ላይ ኳስ አቀባዩ ፈርናንዶ ሜንዶዛ ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ መጣላቸው፣ የቢግ ቴን (ያሉበት ሊግ) ፍጻሜ ላይ ኦሃዮ ስቴትን 13 ለ 10፣ ሮዝ ቦውል (የፕለይኦፉ ሩብ ፍጻሜ) ላይ አላባማን 38 ለ 3 (ሲግኔቲ ረዳት የነበረበትን አላባማ ማለት ነው)፣ ጃንዋሪ 19፣ 2026 ፍጻሜው ላይ ማያሚን እዛው ማያሚ ጋርደንስ 27 ለ 21። 16 ተጫውተው 16 አሸነፉ። አራተኛው ሩብ ላይ አራተኛና የመጨረሻ ሙከራ ሆኖ አራት ያርድ ሲጎድላቸው ሜዳልያውን ሜንዶዛ እራሱ ይዞ ሮጦ ተዘርግቶ ያገባት ትዝ ትለኛለች፣ ቡናው ገንፍሎ ማንም አላየውም። ሜዳልያው አልኩ? ኳሱን ማለቴ ነው፣ አሁንም እጄ ይንቀጠቀጣል።

ዲዮን ሳንደርስም እንደዛው አላደረገም? ለምን አልሰራም?

አደረገ፣ በጩኸት። የድሮው የኤንኤፍኤል ኮከብ 2022 ዲሴምበር ላይ 1 አሸንፎ 11 የተሸነፈውን ኮሎራዶ ተረክቦ የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ፣ ካሜራ ፊት፣ ሻንጣዬን ይዤ ነው የምመጣው እናንተ ፖርታል ግቡ አላቸው። ከሃምሳ በላይ ልጅ ወጣ። ከዛ 4 አሸንፎ 8 ተሸነፈ፣ በሁለተኛው ዓመት 9 አሸንፎ 4 ተሸነፈ፣ ተጫዋቹ ትራቪስ ሀንተርም ሃይዝማን (የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት) ወሰደ፣ እሱና የኮቹ ልጅ ሲሄዱ ግን 2025 ላይ ወርዶ 3 አሸንፎ 9 ተሸነፈ። አልሰራም ማለት ይከብደኛል፣ የሞተ ስታዲየም ሞልቷል። ልዩነቱ ግን አንዱ ኮከብ ይዞ መጣ፣ ሌላው ሙሉ ሰፈር ይዞ መጣ።

ኮች ጥብቅ መሆኑ ጥሩ አይደል? ልጅ ካልተቆጣ ይሰራል?

ወላጆች ሁሌ ይሄን ይላሉ፣ እኔም በኩርኩም ያደኩ ነኝ። ግን ስሙኝ። ቤር ብራያንት በ1954 የቴክሳስ ኤኤንድኤም ልጆችን ጃንክሽን የምትባል ድርቅ የመታት ከተማ ወስዶ አስር ቀን ያለ ውሃ እረፍት አሰለጠናቸው፣ አብዛኛው ሌሊት ሌሊት እየጠፋ ሄደ። ይሄ ታሪክ እስከዛሬ እንደ ጀግንነት ይተረካል። በዛ ዓመት 1 አሸንፈው 9 ተሸነፉ፣ እሱ ግን አይተረክም።

አሁን ወደ ሰፈሬ ልምጣ። ኮሌጅ ፓርክ ከቤቴ በመኪና ሃያ ደቂቃ ነው። ሜይ 29፣ 2018 የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች ጆርዳን ማክኔር ልምምድ ላይ ሲሮጥ ሙቀት መታው። 19 ዓመቱ ነበር። መደረግ የነበረበት በረዶ ውሃ ውስጥ መንከር ነው፣ አልተደረገም፣ ጁን 13 ሞተ። ከዛ በኋላ የወጣው ሪፖርት ላይ ያለችው አንዲት ነገር አትረሳኝም፦ ችግሩ ውስጥ ለውስጥ የመገለው ብዙ ልጆች መናገር ስለፈሩ ነው ይላል። ኦክቶበር 30 ላይ ቦርዱ ኮቹ ይቆይ አለ፣ በነጋታው ተማሪው ፖለቲከኛው ሁሉ ሲጮህ ፕሬዝዳንቱ አባረረው። በ2021 ሜሪላንድ በልጁ ስም ህግ አወጣች። ይሄም ከልቸር ነው እንግዲህ፣ ሻምፒዮን የሚያደርገው ብቻ አይደለም በዛ ስም የሚጠራው።

ኮች ፕለይኦፍ መሃል ጥሎ ከሄደ ቡድኑ ያበቃለታል?

ኪፈን ተመለሰ! ኖቬምበር 30፣ 2025፣ የሚያሰለጥነው ኦል ሚስ (የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ) 11 አሸንፎ አንድ ብቻ ተሸንፎ ፕለይኦፍ ሊገባ ሲል ሰውዬው ተቀናቃኙ ኤልኤስዩ ጋ ሄደ (እነሱም ብራያን ኬሊን 54 ሚሊዮን ገደማ ባይአውት ይዞ ኦክቶበር ላይ አባረው ነበር)። ፕለይኦፉን ላሰልጥንና ልሂድ አለ፣ አይሆንም አሉት፣ ኤርፖርት ድረስ ሄዶ የሰደበው ደጋፊ አለ። የዲፌንሱ ኮርዲኔተር ፒት ጎልዲንግን ሾሙት። ቱሌንን አሸነፉ፣ ሹገር ቦውል ላይ ጆርጂያን 39 ለ 34 አሸነፉ፣ ግማሽ ፍጻሜ ላይ በማያሚ 31 ለ 27 ተሸነፉ። ልጆቹ የነሱ ቡድን መሆኑን ያወቁት ሰውዬው ከሄደ በኋላ ይመስለኛል።

ብር ከገባ ወዲህ ከልቸር የሚባል ቀርቷል አይደል?

አልቀረም። ከ2025 ጁላይ ጀምሮ ትምህርት ቤቶች ራሳቸው ለአትሌቶቻቸው ብር ማካፈል ይችላሉ፣ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር፣ ደሞዝ ያለበት ቤት ደግሞ ፀባይ የለም ያለው ማነው? ስራ ቦታችሁን እዩ።

ልጄ ስኮላርሺፕ ቀርቦለታል፣ ኮቹ ቢባረርስ?

በአፍ የተሰጠ ቃል ዋጋ የለውም፣ አዲሱ ኮች "እኔ አላልኩም" ሊል ይችላል። የተፈረመው ወረቀት ግን ከትምህርት ቤቱ ጋር እንጂ ከኮቹ ጋር አይደለም። ስለዚህ ከመፈረሙ በፊት ኮቹ ኮንትራቱ ላይ ስንት ዓመት ቀረው፣ በቀጥታ የሚያሰለጥነው ረዳት ማነው፣ ጂሙን የያዘው ማነው፣ ልጁ ሲደክመው "አቁም" ማለት የሚችለው የህክምና ሰው አለቃው ማነው ብላችሁ ጠይቁ። አታፍሩ።

አንዲት ጎረቤቴን ለማስተርጎም አንድ ካምፓስ አብሬ ሄጄ ነበር፣ የትኛው እንደሆነ ይቅር። ኮቹ በአንድ ሰዓት ውስጥ "ቤተሰብ" የሚለውን ቃል ሃያ ጊዜ ሳይል አልቀረም፣ እሷም እንባዋ መጣ፣ ሁለት ወር ሳይሞላ ሌላ ስቴት ስራ አግኝቶ ሄደ። ለልጁ ቴክስት እንኳን አላደረገም፣ ከስልኩ ላይ ዜና አንብቦ ነው ያወቀው። ቀጣዩ ትምህርት ቤት ስንሄድ ሌላኛው ኮች ገና ሲጀምር አቋረጠችውና "አንተ የሄድክ ቀን ማን ይቀርልኛል በለው" አለችኝ። ተረጎምኩለት። ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፣ ቦርሳዋን እግሯ ላይ ይዛ ጠበቀችው፣ እሱም ትንሽ ዝም ብሎ ተነሳና ከኮሪደሩ ማዶ የህክምና ሰራተኛዋን ጠርቷት መጣ፣ አስራ ዘጠኝ ዓመት እዛ የሰራች ሴትዮ ናት፣ አራት ሄድ ኮች ሲመጣና ሲሄድ ያየች። ቀሪውን ሰዓት ያወራነው ከሷ ጋር ነው።